የመረጥነው ሰው ምክር ቤት ገብቶ ምን ሠራ? እንዴት እንከታተለው?

ጣና_ዳር

ሰላም የባሕር ዳር ሰዎች። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን አንብቡልኝ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ስለ ምርጫ እያወራን የራሱን የኮንግረስ ተወካይ ገጽ ስክሪንሾት አድርጎ ላከልኝ። ሰውየው ያቀረባቸው ረቂቅ ሕጎች አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል። ማን አብሮት እንደፈረመ፣ የትኛው ኮሚቴ እንደያዘው፣ መጨረሻ የተንቀሳቀሰው መቼ እንደሆነ ሁሉም አለ። ድምፁ በየአባሉ ስም በተመዘገበባቸው ጉዳዮች ላይ አዎ ይበል፣ አይ ይበል ወይም ጭራሽ አይገኝ፣ እሱም ተጽፏል። ይህን ለማየት ደብዳቤ አልጻፈም፣ ማንንም ደጅ አልጠናም። ስም ጻፈ፣ አገኘ።

ከዚያ እኔም የወረዳችንን ተመራጭ ስም ጎግል አደረግኩ። ወረዳውን አልጠራም፣ ጉዳዩ የአንድ ሰው አይደለምና። ያገኘሁት የምርጫ ሰሞን ፎቶ ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ምን ጠየቀ? የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ ነው? በጀት ሲጸድቅ አዳራሹ ውስጥ ነበር ወይ? እኛ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ነን። እምቦጩ አለ፣ ዓሣው አለ፣ መንገዱ አለ። ከነዚህ አንዱን እንኳ አንስቶ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። አንስቶ ከሆነ ደግሞ ላመሰግነው እፈልጋለሁ፣ የምሬን ነው።

ሐሳቤ ይሄ ነው፦ እኛው አንድ ኤክሴል ሺት ከፍተን መመዝገብ አንችልም? "ያቀረባቸው ሕጎች ብዛት" ከሚለው ብንጀምርስ? የምታውቁ ምከሩ።

ፋሲሎ_ሜሪላንድ

ሰላም ወንድሜ። ፋሲሎ ነው ያደግኩት፣ አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ሐሳብህ በጣም ደስ ይላል። ብቻ በዚያ አምድ አትጀምር።

እዚህ በአንድ የኮንግረስ ዘመን፣ ማለትም በሁለት ዓመት ውስጥ፣ ከ10 ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል። ሕግ ሆኖ የሚወጣው ግን ጥቂት መቶ ነው። ዘመኑ ሲያልቅ ያላለፈው ሁሉ አብሮ ይሞታል፣ አዲሱ ኮንግረስ ሲመጣ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ስለዚህ አንድ ሰው 40 ረቂቅ አቀረበ ቢባል ምንም ላይሆን ይችላል። ከነዚህ ውስጥ የአንድ ፖስታ ቤት ስም ለመቀየር የቀረበ ይኖራል። ለጋዜጣዊ መግለጫ ሲባል ብቻ የቀረበም ይኖራል። በተቃራኒው አንዱ ምንም ሕግ በስሙ ሳያስወጣ የጻፋት አንቀጽ በትልቁ የበጀት ሕግ ውስጥ ገብታ አገር ትቀይራለች። አብሮ መፈረም ደግሞ ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ ፊርማ ብቻ ነው።

የኛ ሰው ይህን ነገር ያወቀው መቼም በኤች አር 6600 ነው። በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. ቶም ማሊኖውስኪ የሚባሉት የኒው ጀርሲ ተወካይ ስለ ኢትዮጵያ ያቀረቡት ረቂቅ። እዚህ ያለው ዳያስፖራ በሙሉ የረቂቁን ቁጥር በቃሉ ያዘ። አብሮ ፈራሚ ማን ነው፣ የየትኛው ወረዳ ነው፣ ስልኩ ስንት ነው። ለኮንግረስ ቢሮ በሕይወታቸው ደውለው የማያውቁ እናቶች ረቂቁን ለመቃወም ደወሉ። ረቂቁ ሙሉ ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ዘመኑ አለቀ። ማሊኖውስኪም በዚያው ዓመት ኅዳር ምርጫ ተሸነፉ። የተሸነፉበት ምክንያት ብዙ ነው፣ ለኛ ብቻ አልሰጠውም። ግን አንድ ነገር ተምረናል፦ ሰው ቁጥርና ስም ሲይዝ ጥያቄው ይስላል።

አሁን ዋናው። ከዚያ በፊት ስለ ኢትዮጵያ የቀረቡ ሁለት ነበሩ። ኤች አር 2003 የሚባለው የዶናልድ ፔይን ረቂቅ በጥቅምት 2007 እ.ኤ.አ. በታችኛው ምክር ቤት አለፈ፣ ሴኔት ቀረ። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የክሪስ ስሚዝ 128 ቁጥር የውሳኔ ሐሳብ አለፈ። እሱ አቋም መግለጫ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ሁለቱም ያለፉት በቃል ድምፅ ነው። "የምትደግፉ" ሲባል አዳራሹ ይጮኻል፣ "የምትቃወሙ" ሲባል ይጮኻል፣ ሰብሳቢው "አልፏል" ይላል። ማን ምን እንዳለ የትም አልተጻፈም። ያ ሁሉ ድረ ገጽ ባለበት አገር እንኳ እነዚያን ሁለት ቀናት ስፈልግ የማገኘው "አለፈ" የሚል መስመር ነው። ሕገ መንግሥታቸው ከተገኙት አንድ አምስተኛው ከጠየቀ እያንዳንዱ ድምፅ በስም ይመዝገብ ይላል። ማንም ካልጠየቀ ግን አይመዘገብም።

ስለዚህ የመጀመሪያው አምድህ ብዛት አይሁን። "በስም የተመዘገበ ነገር አለ ወይ?" የሚለው ይሁን።

ቀበሌ14

ይቅርታ አድርጉልኝና አሜሪካን እዚህ ምን አመጣው? እኛ ጋ አንድ አባል ብቻውን ምን ያመጣል? ፓርቲው ያለውን ይላል፣ እጁን ሲያወጣ ያወጣል። ሺት ሞልተን ሁሉም ላይ "ደገፈ፣ ደገፈ፣ ደገፈ" ልንጽፍ ነው? እኔ ተስፋ ቆርጬ አይደለም የምናገረው። ተናድጄ ነው። 2013 ላይ ሰኔ 14 ፀሐይ ላይ ተሰልፌ ነው የመረጥኩት። የመረጥኩትን ሰው ከዚያ ወዲህ በአካል አላየሁትም።

ሕግ_ተማሪ

@ቀበሌ14 ንዴትህ ይገባኛል፣ ግን ሕጉን አንዴ እንየው። ጠቃሚ ነገር አለበት።

አንደኛ፣ እኛ ጋ ረቂቅ አዋጅ የሚመጣው በአብዛኛው ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 77 ላይ ሥልጣኑ ተሰጥቶታል፣ ዓመታዊ በጀቱንም የሚያዘጋጀው እሱ ነው። አባላትም ሕግ ማመንጨት ይችላሉ፣ በተግባር ግን ብዙ አይታይም። ስለዚህ "ያቀረበው ሕግ" የሚል አምድ ብትከፍቱ ለሁሉም ባዶ ይሆንና ሥራ የሠራውም ያልሠራውም እኩል ይመስላሉ። ይሄ ፍትሐዊ አይደለም።

ሁለተኛ፣ አባሉ ሌላ መሣሪያ አለው። አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅ ይችላል ይላል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቀ ደግሞ የአስፈጻሚውን ማንኛውም ጉዳይ አንስቶ መወያየት ግዴታ ነው። ረቂቅ ሲመጣ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል፣ ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት መድረክ ይጠራል፣ አንቀጽ ይቀየራል፣ ከዚያ ነው ለማጽደቅ የሚመለሰው። አንድ አባል ሥራ መሥራት ከፈለገ እዚያ ነው የሚሠራው። እዚያ ነው መፈለግ ያለብን።

ሦስተኛ፣ አንቀጽ 54 አባሉ የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው ይልና ተገዢነቱ ለሦስት ነገር ነው ይላል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡ፣ ለሕሊናው። ፓርቲ የሚል ቃል እዚያ የለም። ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት አይከሰስም። የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት ደግሞ በሕግ መሠረት ከአባልነቱ ይወገዳል። አንቀጽ 12ም ይህንኑ ይደግመዋል። ግን አመኔታ ማጣት የሚቻለው ምን እንደሠራ ሲታወቅ ነው። መዝገብ ከሌለ ወሬ ነው የሚቀረው።

ፋሲሎ ያነሳው የስም ነገር ደግሞ እኛን በጣም ይመለከተናል። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ምክር ቤቱ ለክልላችን የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጽድቋል። በ16 ተቃውሞ፣ በ12 ድምፀ ተአቅቦ፣ በአብላጫ ድምፅ። ዜናው ላይ የሰማነው ቁጥሩን ነው። ሕይወታችንን በዚያ ልክ የነካ ውሳኔ ላይ የኛ ሰው ከየትኛው ወገን እንደነበር እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ሰው ይነግርሃል?

ቀበሌ14

@ሕግ_ተማሪ ይሄንን አላሰብኩትም ነበር። 16ና 12። ማለት ሁሉም አንድ ላይ እጁን አላወጣም። እነዚያ ሰዎች ዋጋ የሚያስከፍል ነገር አድርገው ይሆናል፣ እኛ ደግሞ ስማቸውን አናውቅም። ቢያንስ ልናመሰግናቸው ይገባ ነበር።

ጡረተኛው_መምህር

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን በሙሉ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል።

እኔ ኮምፒውተር ላይ ጎበዝ አይደለሁም። ደብተር ግን እይዛለሁ። የመራጮች ውይይት በተጠራ ቁጥር ከፊት ወንበር እቀመጥና እጽፋለሁ። ገጹን በአራት መስመር ከፍዬዋለሁ፦ ቀን፣ ጠያቂው ምን አለ፣ ተመራጩ ምን መለሰ፣ የመጨረሻዋ ደግሞ ባዶ ትቆያለች። ነገሩ ሲፈጸም ያቺን እሞላታለሁ። ስለ ውሃ መስመሩ የተጻፈው መልስ "ለሚመለከተው አካል አቅርበናል" ይላል። በሚቀጥለው ውይይት ያው ጥያቄ ተነሳ፣ መልሱም ያው ነበር። በሦስተኛው ተነሥቼ የቀደሙትን ሁለቱን ከደብተሩ አነበብኩላቸው። ቀንና ቃሉን እንዳለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ተመራጩ አልተቆጣም፣ ይልቁንስ ደብተሩን ተቀብሎ አየና የትኛው መሥሪያ ቤት እንዳዘገየው ስሙን ጠርቶ ነገረን። ያን ቀን ነው የመጀመሪያ እውነተኛ መልስ የሰማነው።

ስለዚህ ምክሬ፣ መልሱን ብቻ አትጻፉ። ጥያቄውን ጻፉ። ጥያቄው "ልማት ይምጣልን" የሚል ከሆነ መልሱም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

ጣና_ዳር

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያቺ ባዶዋ መስመር ሺቱ ላይ ትገባለች። ደብተሩን ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ እኔ እተይበዋለሁ፣ እርስዎ አይቸገሩ። የጠያቂዎችን ስም እሸፍነዋለሁ።

ዘጌዋ

ሰላም ሁላችሁም። እኔ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሒሳብ ነው የምሠራው። የናንተን ክር ያየሁት ወንድሜ ልኮልኝ ነው።

የኛን ነገር ልንገራችሁ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ጀምሮ እንቆጥራለን። በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ዘመቻ ወጣ። ስንት ማሽን መጣ። አስጋሪው መረቡን ጥሎ ሲያወጣ ሥሩ ተጠምጥሞበት ይወጣል፣ ከዚያ ግማሽ ቀኑን ቁጭ ብሎ ሲያላቅቅ ይውላል፣ የተቀደደውን ደግሞ ማታ ይሰፋል። ይህን ለተመራጭ ስንናገር የክልሉ "የፌዴራል ነው" ይለናል። የፌዴራሉ "የክልል ነው" ይለናል። እኛ በመሃል ቀረን። ሺታችሁ ላይ ይሄን የሚመልስ ቦታ አለ? ማንን ነው የምጠይቀው?

ሕግ_ተማሪ

@ዘጌዋ ጥያቄሽ ከሁሉም የበለጠው ነው። መጀመሪያ፣ ምርጫ ስትመርጪ ሁለት ወረቀት ነው የሰጡሽ። አንዱ አዲስ አበባ ለሚቀመጠው ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ እዚሁ ባሕር ዳር ለሚሰበሰበው ለክልሉ ምክር ቤት። ሁለት የተለያዩ ተመራጮች አሉሽ። ሰው ብዙ ጊዜ ይቀላቅላቸዋል፣ እነሱም በዚያ ይጠቀማሉ።

ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል? መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው፣ ግን የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ መሠረት ነው (አንቀጽ 52)። አንቀጽ 51 ደግሞ ከአንድ ክልል በላይ የሚያገናኙ ወይም ድንበር ተሻጋሪ የሆኑ ወንዞችና ሐይቆች አጠቃቀምን የሚወስነው የፌዴራል መንግሥት ነው ይላል። ዓባይ ከጣና ወጥቶ የት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የፌዴራሉ ተመራጭ "አይመለከተኝም" ማለት አይችልም። የክልሉም በጀቱንና ተቆጣጣሪውን ስለሚይዝ አይችልም።

የዓሣውም እንደዚያው ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የፌዴራል ነው። የንግድ ማስገር ፈቃድና የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ በሱ ውስጥ ተቀምጠዋል። ክልሉም የራሱ የዓሣ አዋጅ አለው፣ ዝክረ ሕግ በሚባለው የክልሉ የሕግ ጋዜጣ ላይ የወጣ። ተመራጩን "ዓሣው አልቋል" ከምትይው "በአዋጁ የተጻፈው ተቆጣጣሪ የኛ ዳርቻ ላይ አለ ወይ? ከሌለስ በዚህ ዓመት በጀት ተጠይቆለታል ወይ?" በይው። ከዚህ ጥያቄ ማምለጥ ይከብዳል።

ፋሲሎ_ሜሪላንድ

ይሄ ነው ትክክለኛው ነገር። እዚህም ያለው ድረ ገጽ የተጀመረው እንደዚህ ነው። ጎቭትራክ የሚባለውን በ2004 እ.ኤ.አ. የጀመረው አንድ ሰው ነው፣ ጆሹዋ ታውበረር ይባላል። መንግሥት የሕጎቹን ገጽ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢንተርኔት ያወጣ ነበር፣ ግን ተበታትኖ ስለነበር ተራ ሰው አያነበውም። ልጁ ከዚያው ገጽ እየለቀመ በስም በስም ደረደረው። የመንግሥቱ አሁን ያለው ገጽ ኮንግረስ ዶት ጎቭ የመጣው ከዚያ በኋላ በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። ኬንያም ምዛሌንዶ የሚባል አለ፣ የፓርላማ አባላቱ ስብሰባ ላይ የተናገሩትን በየስማቸው ያስቀምጣል። ሁለቱም ሲጀመሩ ባጀት ያለው መሥሪያ ቤት አልነበረም ከኋላቸው።

ቀበሌ14

እሺ፣ እኔም ገብቼበታለሁ። አንድ ነገር ግን ጨምሩ። ዝና መውሰድ የሚባለው ነገር መመዝገብ አለበት። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ሲመረቅ 380 ሜትሩን ድልድይ ያመጣሁት እኔ ነኝ የሚል ስንት ሰው ሰማሁ። ድልድዩ ቆንጆ ነው፣ እኮራበታለሁ። ግን የፌዴራል መንገድ በጀት ነው የሠራው፣ ዓመታት ፈጅቶ። በዚያ በጀት ላይ ጥያቄ ያነሣ፣ ሲጓተት "ለምን ተጓተተ" ያለ አባል ካለ ስሙ ይጻፍ። ሪባን ሲቆረጥ ፎቶ የተነሣ ግን አይጻፍ።

ጣና_ዳር

ትክክል። "አመጣሁ ያለው" እና "ማስረጃው" ጎን ለጎን ይሁኑ። ማስረጃው ባዶ ከሆነ ባዶ ይታያል፣ እኛ ምንም አንጨምርም።

እስካሁን የተስማማንበትን ልጻፈው። በአንድ ሰው አንድ ገጽ። የትኛው ምክር ቤት፣ የትኛው ቋሚ ኮሚቴ። በምልዓተ ጉባዔ የጠየቀው ጥያቄ ከነቀኑና ከቪዲዮው ደቂቃ ጋር። ስብሰባው በቴሌቪዥንም በዩቲዩብም ስለሚተላለፍ ይሄን ማግኘት ይቻላል፣ ጊዜ ነው የሚፈጀው። ከዚያ የመራጮች ውይይት ላይ የተገባ ቃልና የጋሼ ባዶ መስመር። ከዚያ በስም የታወቀ ድምፅ ካለ። ስድብ የለም። ብሔር የለም። የቤተሰብ ነገር የለም። ገጹ ከመለጠፉ በፊት ለተመራጩ ይላክለታል፣ መልስ ከሰጠ መልሱ እንዳለ ይለጠፋል።

ሕግ_ተማሪ

ሁለት ልጨምር። የመረጃ ነፃነት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። ማንኛውም ሰው የመንግሥት አካልን መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፣ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ስለዚህ የስብሰባ ተገኝነትና የኮሚቴ ቃለ ጉባዔ በደብዳቤ እንጠይቅ። ከተከለከልን ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ ባሕር ዳርም ቅርንጫፍ አለው። ክልከላውም ራሱ ገጹ ላይ ይጻፋል፣ ቀኑ ከነደብዳቤ ቁጥሩ።

ሌላው ሀብት ማስመዝገብ ነው። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ተመራጮችም ሀብታቸውን ያስመዘግባሉ። አሁን ወደዚያ እንሂድ አልልም። መጀመሪያ ሥራውን እንይ።

ዘጌዋ

ተመራጩ ቢፈራስ? ባለንበት ሁኔታ ወረዳው ድረስ መጥቶ ስብሰባ መጥራት ለሱም ለኛም ከባድ ነው። በውሃ እንጂ በመንገድ የማይደረስባቸው ቀበሌዎች አሉ። እውነቱን እንናገር፣ "አልመጣም" ብለን ብቻ ብንጽፍ ልክ አይደለም።

ጡረተኛው_መምህር

ልክ ነሽ ልጄ። አልመጣም ከማለት በፊት ጠርተነዋል ወይ የሚለው ይቅደም። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው መስከረም መጨረሻ ሳምንት ላይ ነው፣ የሚዘጋው ሰኔ 30። በመሃል የአንድ ወር እረፍት አላቸው። የእረፍቱ ወር ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ እንጥራው። መንገድ ካልተቻለ በስልክ ይሁን፣ ድምፁን አስፈቅደን እንቅዳው። ጠርተነው ካልመለሰ ያኔ ቀኑን ጽፈን እናስቀምጣለን።

ቀበሌ14

የጥሪ ደብዳቤውን እኔ አረቅቃለሁ። ነሐሴ 8 ቀን 2015 ድምፅዎ የት ነበር የሚለው ግን አንደኛ ጥያቄ ይሁን። በአክብሮት እጽፈዋለሁ።

ፋሲሎ_ሜሪላንድ

የዩቲዩቡን ለኔ ተዉት። እዚህ ኢንተርኔቱ ርካሽ ነው፣ ማታ ማታ እያየሁ ደቂቃውን እጽፋለሁ። የትኛውን ዓመት ልጀምር?

ጣና_ዳር

ከ2014 መስከረም ጀምር፣ በ2013 የተመረጠው ምክር ቤት ሥራ ከጀመረበት። ግን ሁሉንም አትይ፣ ይከብድሃል። መጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተጠየቁባቸውን ስብሰባዎችና ሰኔ ላይ በጀት የጸደቀባቸውን ብቻ እይ። ጣና፣ እምቦጭ፣ ዓሣ፣ ባሕር ዳር የሚሉትን ስትሰማ ጻፍ፣ የተናገረው የየትኛውም ወረዳ ሰው ይሁን።

ዘጌዋ

የአስጋሪዎቹን ጥያቄ እኔ አመጣለሁ። የተቆጣጣሪውን ነገር ማኅበሩ ስብሰባ ላይ አንሥቼ በቃለ ጉባዔ አስይዘዋለሁ፣ ማኅተም ያለው ነገር ይሻላል። የፌዴራሉ ገጽ ላይ ነው ወይስ የክልሉ ገጽ ላይ የምታስገቡት?

ሕግ_ተማሪ

ሁለቱም ላይ። ቃሉ አንድ ዓይነት ይሁን፣ የሚላክበትም ቀን አንድ ይሁን። የፌዴራሉን ቅጂ 315ን ጠቅሰሽ ጻፊው፣ ለክልሉ ደግሞ የክልሉን አዋጅ ቁጥር ከዝክረ ሕግ አውጥቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ግልባጩን ጉዳዩ ለሚመለከታቸው የሁለቱም ምክር ቤቶች ቋሚ ኮሚቴዎች አድርጊው፣ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ሳትቀበዪ እንዳትወጪ።